የእጅ አንጓ ሲድን ጉዳዩ አያልቅም፦ በጅማ ቤታችን አጥንትን መጠበቅ

በጅማ ዝናብ ሲገባ ቶሎ አይወጣም። ከመጋቢት ገደማ ጀምሮ እስከ ጥቅምት መግቢያ ግቢው ጭቃ ነው፤ የደጃፉ ድንጋይ ሻግቶ ያዳልጣል። በአጥንት ሕክምና ክፍል ነርስ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት በእነዚህ ወራት ደጋግሞ የሚመጣው ጉዳት አንድ ዓይነት ነበር። ዕድሜዋ ከሃምሳ ያለፈ ሴት ደጃፏ ላይ ያዳልጣታል፣ እጇን ዘርግታ መሬቱን ትመክታለች፣ የእጇ አንጓ ይሰበራል። ጄሶ ይታሰርላታል፤ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ይፈታል። ጎረቤቱ «እግዜር ይማርሽ»፣ «አላህ ያሽርሽ» እያለ ይጠይቃታል። ከዚያ ነገሩ ይረሳል። «ጭቃው ነው የጣለኝ» ትላለች፤ ቤተሰቡም ይስማማል።

እኔ አልስማማም። ጭቃው ጥሏት ይሆናል፤ የሰበራት ግን የአጥንቷ ድክመት ነው። ጤናማ የአዋቂ ሰው አጥንት ሰው ከቆመበት ቢወድቅ በቀላሉ መሰበር የለበትም። ከሃምሳ ዓመት በኋላ በእንዲህ ያለ ቀላል አወዳደቅ አጥንት ሲሰበር ሐኪሞች የአጥንት መሳሳትን፣ ማለትም ኦስቲዮፖሮሲስን ይጠረጥራሉ። አንዴ በዚህ መልክ የተሰበረ ሰው ዳግም የመሰበር ዕድሉ ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ቀጥሎ የሚሰበረው ደግሞ አከርካሪ ወይም ዳሌ ሊሆን ይችላል። በአንጓ ስብራትና በዳሌ ስብራት መካከል ብዙ ጊዜ ዓመታት አሉ። እነዚያ ዓመታት በከንቱ ሲያልፉ ማየት በሥራዬ ዘመን እጅግ ያሳዝነኝ ነበር። እጇ ተሰብሮ የዳነ እናት፣ አክስት ወይም እህት በቤታችሁ ካለች ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው። ወንዶችም ከዚህ ውጭ አይደሉም፤ በዓለም ደረጃ ከሃምሳ ዓመት በላይ ከሆኑ ሦስት ሴቶች አንዷ፣ ከአምስት ወንዶችም አንዱ በቀሪ ዘመናቸው በአጥንት መሳሳት የተነሳ ስብራት ይደርስባቸዋል።

አጥንት ከውጭ ሲያዩት የማይለወጥ ይመስላል እንጂ በውስጡ ሥራ አያቋርጥም። አንዳንድ ሕዋሳት አሮጌውን ክፍል ያፈርሳሉ፣ ሌሎቹ በምትኩ አዲስ ይሠራሉ። እስከ ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚሠራው ከሚፈርሰው ይበልጣል። ከዚያ ወዲህ ሚዛኑ ቀስ በቀስ ይገለበጣል። በሴቶች ላይ የወር አበባ ሲቋረጥ ኢስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ስለሚቀንስ ማፍረሱ ይፈጥናል፤ ካረጠች በኋላ ባሉት ከአምስት እስከ ሰባት ዓመታት ውስጥ አንዲት ሴት ከአጥንቷ እስከ 20 በመቶ ልታጣ ትችላለች። ይህ ሁሉ ሲሆን ሕመም የለም። ጉልበት ወይም የጣት መገጣጠሚያ የሚያማት ሴት ብዙውን ጊዜ ያለባት የመገጣጠሚያ በሽታ ነው። የአጥንት መሳሳት ግን እስኪሰበር ድረስ ዝም ይላል፤ ስለዚህ «አያመኝም» ማለት ደኅና ነኝ ማለት አይደለም።

ማን ይበልጥ ይጠንቀቅ?

ከአርባ አምስት ዓመት በፊት ያረጠች ወይም እንቁልጢዎቿ በቀዶ ሕክምና የወጡላት ሴት፣ እናቷ ወይም አባቷ ዳሌያቸው ተሰብሮ የነበረ፣ በጣም ቀጭን የሆነች፣ የምታጨስ ወይም መጠጥ የምታበዛ። በእኛ አካባቢ የማይናቀው ደግሞ እንቅርት ነው። እንቅርት ሁሉ አጥንት አይጎዳም፤ ሆርሞን የሚያበዛው ዓይነት ግን ይጎዳል። እንቅርት ኖሮባችሁ ልባችሁ የሚመታ፣ የምትከሱና ሙቀት የማትችሉ ከሆነ የታይሮይድ ምርመራ አድርጉ።

ስለ መድኃኒት ሳነሳ ድምፄ ከፍ ይላል። ፕሬድኒሶሎንና ወገኖቹ፣ ስቴሮይድ የሚባሉት፣ ለአስም፣ ለቆዳ፣ ለመገጣጠሚያ ብግነት ሕይወት የሚያድኑ መድኃኒቶች ናቸው። ችግሩ ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝቶ «ጉልበቴን ፈታልኝ» እያለ ለወራት ሲውጣቸው ነው። ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የተወሰደ ስቴሮይድ አጥንትን ከሚያሳሱ መድኃኒቶች ዋነኛው ነው። እናታችሁ ከላስቲክ የምታወጣት ትንሽ ክኒን ምን እንደሆነች እዩ፤ ስሟንም አንብቡ። ነገር ግን በድንገት አታስቁሟት፤ ለረዥም ጊዜ የወሰደ ሰው በአንድ ጊዜ ቢያቆም ሰውነቱ ሊዝልና ለከባድ አደጋ ሊጋለጥ ይችላል። የሚቀነሰው በሐኪም እጅ፣ ደረጃ በደረጃ ነው። ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኖባርቢታልና ፌኒቶይን፣ ከኤችአይቪ መድኃኒቶች መካከል ቴኖፎቪር፣ እንዲሁም በየሦስት ወሩ የሚወጋው የወሊድ መከላከያ ለዓመታት ሲወሰዱ የአጥንት ጥግግትን ሊቀንሱ ይችላሉ። አንዱም ቢሆን በራስ ፈቃድ የሚቆም አይደለም። ለሐኪሙ መንገር ነው የሚያስፈልገው።

በቤት ውስጥ የሚታይ ምልክትም አለ። እናታችሁን ጫማ አስወልቃችሁ ተረከዟንና ጀርባዋን ከግድግዳ አስጠግታችሁ አቁሟት። አገጯን ሳታነሳ የራሷ ቅል ኋላ ግድግዳውን ካልነካ ጀርባዋ ጎብጧል ማለት ነው። ቁመቷን በግድግዳው ላይ በእርሳስ አስምሩና ቀኑን ጻፉ፤ በዓመቱ ድገሙት። በወጣትነቷ ከነበራት ቁመት አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ከቀነሰ አከርካሪዋ ሳታውቀው ተጨፍልቆ ሊሆን ስለሚችል የጀርባ ኤክስሬይ ያስፈልጋታል። ቀሚሷ ከፊት መሬት መጥረግ፣ ከኋላ ማጠር ከጀመረም ልብ በሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የጀርባ ሕመም ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብና ከመክሳት ጋር ከመጣ የአጥንት መሳሳት ነው ብላችሁ አትቀመጡ። የአከርካሪ ቲቢ በአገራችን ያለ በሽታ ነው፤ ቶሎ ከታወቀ በመድኃኒት ይድናል፣ ከዘገየ እግር ሊያሽመደምድ ይችላል።

ከገበያ እስከ ምጣድ

አዋቂ ሰው በቀን 1,000 ሚሊግራም ካልሲየም ያስፈልገዋል፤ ሴት ከሃምሳ፣ ወንድ ከሰባ ዓመት በኋላ 1,200 ሚሊግራም። አንድ ትልቅ ብርጭቆ ወተት 300 ሚሊግራም ገደማ አለው፤ እርጎም እንደዚሁ። እርጎ ወተት ሆዷን ለሚነፋት ሴት ይቀላል። በጅማ ዙሪያ ላም ያላቸው ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ግን ወተቱ ለልጆች፣ ቅቤው ለገበያ፣ ለእናት ደግሞ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ለዚህ ነው ልጆቿን በወተት ያሳደገች ሴት ራሷ ወተት ሳትጠጣ የምታረጀው። ጠዋት አንድ ብርጭቆ ለእሷ ይቀመጥ፤ አፍሉላት።

በቤታችን ለአጥንት ይጠቅማሉ ተብለው የሚከበሩ ሦስት ነገሮች ላይ የማውቀውን በግልጽ ልናገር። ቅቤ ጉልበት ይሰጣል እንጂ ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል፤ ካልሲየሙ ወተቱ ሲናጥ የሚቀረው አሬራ ውስጥ ነው። አይብ ጥሩ የፕሮቲን ምግብ ነው፤ ነገር ግን የእኛ አይብ ከኮመጠጠ አሬራ ተሞቆ ስለሚወጣ ካልሲየሙ በአብዛኛው ከአጓቱ ጋር ይሄዳል። አጓቱን ለከብት ከመስጠት መጠጣት ወይም ገንፎ ማገንፋት ይሻላል። ሦስተኛው የአጥንት ቅቅል ነው። የተሰበረ ሰው ሲጠየቅ ቅቅል ይዞ መሄድ ደግ ልማድ ነው፤ ሾርባው ያሞቃል፣ ምግብ ያስከፍታል፣ ሥጋው ፕሮቲን ነው። ከአጥንቱ ወደ ሾርባው የሚወጣው ካልሲየም ግን እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ቅቅል የወተትን ቦታ አይተካም።

ወተት ለማትጠጣ ወይም ለጿሚ ምን አለ? ብዙ አለ። ጎመን በዚህ አገር በየጓሮው ይበቅላል፤ ካልሲየሙ ሰውነት በደንብ የሚወስደው ዓይነት ነው። ቆስጣና ስፒናች ግን ኦክሳሌት በተባለ ካልሲየምን በሚያስር ንጥረ ነገር የተሞሉ ስለሆኑ ካልሲየማቸው በአንጀት ታስሮ ይወጣል። መብላት ክፉ አይደለም፤ ለአጥንት ብላችሁ የምትገዙ ከሆነ ግን ጎመኑን ምረጡ። ጤፍ ከስንዴና ከሩዝ እጅግ የበለጠ ካልሲየም አለው፤ ሊጡ በደንብ ሲቦካ ማዕድኑን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት ስለሚቀንስ በቅጡ የቦካ እንጀራ ከችኩል እንጀራ ይሻላል። ዳጉሳ ደግሞ በካልሲየም ከእህል ሁሉ የበላይ ነው፤ በ100 ግራም 340 ሚሊግራም ያህል ይይዛል። የዳጉሳ ገንፎ ወይም ቂጣ በሳምንት ጥቂት ጊዜ ቢገባ ትልቅ ነገር ነው። ያልተፈተገ ሰሊጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ሙሉ 170 ሚሊግራም ገደማ አለው። የወተቱን ያህል ባይመጠጥም በጾም ቀን ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ በውሃ ሲበጠበጥ ዋጋ አለው። ሳይፈጭ ከተዋጠ ግን እንደገባ ይወጣል።

አንጮቴን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በወለጋ፣ በኢሉባቦርና በጅማ የሚታወቀው ይህ ሥር አጥንት ለተሰበረና ለወለደች ሴት ይሰጣል፤ «አጥንት ይጠግናል» ይባላል። ከሌሎች ሥራ ሥሮች ጋር ሲነጻጸር በካልሲየም የበለጸገ ስለሆነ አባቶቻችን ያለ ምክንያት አልመረጡትም። አጥንትን ወደ ቦታው መመለስ ግን አይችልም፤ ከሐኪም በኋላ የሚበላ እንጂ በሐኪም ምትክ የሚበላ አይደለም። ቀቅላችሁ በተልባ ወይም በቅቤ ብሉት።

ፕሮቲንን ብዙዎች ይረሳሉ። ከአጥንት ክብደት ጉልህ ድርሻ ያለው ፕሮቲን ነው፤ ከመውደቅ የሚያድነው ጡንቻም ያለ ፕሮቲን አይቆምም። አረጋዊት እናት «እኔ አይርበኝም» ብላ በሻይና በዳቦ ስትውል ዝም አትበሏት። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ እንቁላል ከእያንዳንዱ ማዕድ አንዱ ይኑር። ጫት የምትቅም ከሆነ ደግሞ ምግብ እንደሚዘጋባት ታውቃላችሁ፤ ምሳዋ ከጫቱ በፊት ይሁን።

ስለ ቡናም ልናገር፤ ጅማ ተቀምጦ «ቡና አጥንት ይጨርሳል» የሚል ሰው ገጥሞኛልና። ካፌን በሽንት የሚወጣውን ካልሲየም በጥቂቱ ይጨምራል፤ በአንድ ስኒ የሚጠፋውን አንድ ሁለት ማንኪያ ወተት ይመልሰዋል። በቂ ካልሲየም የሚበላ ሰው በቀን ሁለት ሦስት ስኒ ቢጠጣ አጥንቱ አይጎዳም። እኔን የሚያሳስበኝ ቡናው ላይ የሚጨመረው ጨው ነው። ጨው ሲበዛ ኩላሊት ካልሲየምን አብሮ ያስወጣል፤ ለደም ግፊትም መልካም አይደለም። በጨው የምትጠጡ ቀስ በቀስ ቀንሱ። ቡናውንም ከምግብ በኋላ አድርጉት፤ በባዶ ሆድ አቦል፣ ቶናና በረካ ጠጥቶ ምሳ መዝለል ግን እውነተኛ ጉዳት ነው።

የካልሲየም ክኒን የሚያስፈልገው ከምግብ የማይሞላ ከሆነ ብቻ ነው። ካልሲየም ካርቦኔት ከምግብ ጋር ይወሰዳል፤ በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊግራም በላይ ሰውነት በደንብ አይወስድም። የኩላሊት ጠጠር የነበረባችሁ ሐኪም ሳታማክሩ አትጀምሩ።

ፀሐይ

ካልሲየም ከአንጀት ወደ ደም ለመግባት ቫይታሚን ዲ ይፈልጋል፤ ቫይታሚን ዲ ደግሞ በብዛት የሚሠራው ፀሐይ ቆዳ ላይ ሲያርፍ ነው። እዚህ ላይ ልማዳችንና ሳይንሱ ይለያያሉ። ማለዳ የምትወጣው ለስላሳ ፀሐይ ታሞቃለች እንጂ ቫይታሚኑን የሚሠራው ጨረር በእርሷ ውስጥ ጥቂት ነው። የሚጠቅመው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ያለው ነው። ፊት፣ ክንድና ባት ተገልጦ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ፣ በሳምንት ጥቂት ጊዜ። ቆዳው የጠቆረ ሰው ረዘም ያለ ጊዜ ያስፈልገዋል። በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባ ፀሐይ ለዚህ አይሠራም፤ መስታወቱ ጨረሩን ያስቀረዋል።

ብዙ እህቶቻችን ከቤት ሲወጡ ሰውነታቸውን ይሸፍናሉ። ለእነርሱ የግቢው ጓሮ፣ ወንድ የማያይበት ጥግ፣ ልብስ የሚሰጣበት ሰዓት ነው መፍትሔው። የማትወጣ አረጋዊት ካለች ወንበሯን አውጡላት። በክረምት ደመናው ለቀናት ሳይገለጥ ሲቆይ ወይም አረጋዊቷ አልጋ ላይ ከዋለች በቀን 800 ዓለም አቀፍ ዩኒት ቫይታሚን ዲ በክኒን መውሰድ ይቻላል። እጅግ ከፍተኛ መጠን ያላቸውን መርፌዎችና ክኒኖች ግን ያለ ትእዛዝ አትደጋግሙ፤ ሲበዛ ይመርዛል።

እንቅስቃሴ

አጥንት የሚጠነክረው ክብደት ሲያርፍበት ነው። በእግር መሄድ፣ ዳገት መውጣት፣ ደረጃ መውጣት፣ መጠነኛ ዕቃ መሸከም ሁሉም ይቆጠራል። ጉልበት ያላችሁ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚያወጣውን ዳገት በየጊዜው ብትወጡ ለአጥንት ጥሩ ሥራ ነው። ለሚቸኩል ሰው ግን ባጃጅ ይቀርባል፤ ቢያንስ መልሱን በእግር አድርጉት።

ጡንቻን ለማጠንከር የምመክረው አንድ ልምምድ አለ፤ ሌላ ባታደርጉ ይህን አድርጉ። ጠንካራ፣ የማይንሸራተት ወንበር ከግድግዳ አስጠግታችሁ ተቀመጡ። እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጣጥፋችሁ ተነሡ፣ ቀስ ብላችሁ ተቀመጡ። አሥር ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። መጀመሪያ በእጅ መደገፍ ካስፈለገ ተደገፉ። ቀጥሎ የበሩን መቃን ይዛችሁ በጣታችሁ ቁሙ፣ ቀስ ብላችሁ ተረከዛችሁን አውርዱ። ከዚያም መቃኑን እንደያዛችሁ በአንድ እግር ለአሥር ሰከንድ ቁሙ፤ እግር ቀይሩ። ሚዛን የሚጠበቀው በዚህ ነው።

አከርካሪዋ የተጨፈለቀ ሴት ግን ወደ ፊት ጎንበስ ብላ ከባድ ነገር ማንሳት፣ እንስራ ወይም ሙሉ ጀሪካን በጀርባ መሸከም፣ ወገብን በኃይል መጠምዘዝ የለባትም። ስታነሳ ጉልበቷን ታጥፍ፣ ጀርባዋ ቀጥ ይበል። ስግደት ላይ ያላችሁ እናቶች አዝናለሁ፤ ይህ ለእናንተም ይሠራል። በመስጊድም ሆነ በቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ተቀምጦ የመጸለይ ፈቃድ አለ፤ ኢማሙን ወይም የንስሐ አባቱን ጠይቁ። የታሸ ጀርባ ይሻለዋል ብላችሁ ወደ ወጌሻ አትውሰዷት፤ በሳሳ አከርካሪ ላይ የሚወጣ ክርን ወይም ጉልበት ስብራት ይጨምራል።

ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት

አንድ ሰዓት ወስዳችሁ ቤታችሁን በሌሊት ተመልከቱት፤ መብራት ሳታበሩ። እናታችሁ ከመኝታዋ ተነሥታ እስከ ሽንት ቤት ድረስ የምትሄድበትን መንገድ ራሳችሁ ሂዱበት። የት ትደናቀፋለች? በአብዛኛው ጅማ ቤት ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው፤ በዝናብ ሌሊት ያ መንገድ ከሁሉም ያሰጋል። ጠጠር ወይም አሸዋ አልብሱት፣ ዳር ዳሩን የምትይዘው እንጨት ወይም ገመድ አስሩ፣ የእጅ ባትሪ ከትራሷ ሥር አኑሩ። ዝናብ ሲበረታ ፖፖ በአልጋዋ አጠገብ ይደር፤ ነውር የለውም። ሽንት ቤቱ ውስጥ በግድግዳው ላይ የሚጨበጥ ብረት ወይም ጠንካራ እንጨት ይመታ።

ነጠላ ጫማ በእርጥብ ሲሚንቶ ላይ ያዳልጣል፤ ተረከዙን የሚይዝ፣ ሶሉ ጎድጓዳ መስመር ያለው ጫማ ግዙላት። ቄጤማ ደስ ይላል፤ ግን በሴራሚክ ወለል ላይ የተጎዘጎዘ ቄጤማ፣ ውሃ ሲነካው፣ እንደ ሳሙና ነው። እናት በምታልፍበት በኩል አትጎዝጉዙ፤ ቡና ማፍያው አካባቢ ብቻ ይብቃ። ጠርዙ የተነሣ ምንጣፍ ይነሣ። ሦስት እግር ያላት የጅማ በርጩማ ከአንድ እንጨት ተፈልፍላ የምትወጣ የአካባቢያችን ኩራት ናት፤ ዝቅ ያለች ስለሆነች ግን ዳሌና ጉልበቱ ለደከመ ሰው ከእርሷ መነሣት አስቸጋሪ ነው። ለተሰበረች እናት መደገፊያ ያለው ወንበር ስጧት፤ በርጩማዋንም ከመተላለፊያ አርቋት፤ በጨለማ ብዙ ሰው ጥላለች።

ዓይኗ ሞራ ከለበሰ አስወልቁላት፤ የሚያይ ሰው ብዙ አይወድቅም። የደም ግፊት ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት የምትወስድና ስትነሣ የሚያዞራት ከሆነ ለሐኪሟ ንገሩ። ከአልጋ ስትነሣ መጀመሪያ ትቀመጥ፣ ትንሽ ትቆይ፣ ከዚያ ትቁም።

ዳሌ ከተሰበረ

አረጋዊት ወድቃ መቆም ካቃታት፣ ብሽሽቷን ካመማት፣ አንድ እግሯ አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ ዳሌዋ ተሰብሯል ብላችሁ ተነሡ። እግሯን አትጎትቱ፣ አታሹ፣ ሊቆም ይችላል ብላችሁ አታስሞክሩ። በሁለቱ እግሮች መካከል ትራስ ወይም የተጠቀለለ ብርድ ልብስ አድርጋችሁ አንድ ላይ እሰሩ፤ በሰፊ ሳንቃ ወይም በቃሬዛ አድርጋችሁ በመኪና ወደ ሆስፒታል ውሰዷት። ባጃጅ ላይ አጥፎ ማስቀመጥ ስቃይዋን ያበዛዋል። ጅማ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ትልቁ ሪፈራል ሆስፒታል ያለባት ከተማ ናት፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአጥንት ቀዶ ሕክምና ይሰጣል። በዙሪያችን ካሉ ወረዳዎች የሚመጡት መንገዱ እየራቀባቸው እንኳ እየደረሱ፣ ከተማው ውስጥ ያለው ሰው መጀመሪያ ወጌሻ ዘንድ ሲቆይ ጊዜው ያልፋል።

ወጌሻን አልንቅም፤ የወለቀ ትከሻ የሚመልሱ እጆች አይቻለሁ። ዳሌ ግን የወጌሻ ሥራ አይደለም። በቀርከሃ ተጠብቆ የታሰረ እግርም ደም ሳይደርሰው ሞቶ ሲቆረጥ አይቻለሁ። የዳሌ ስብራት ቀዶ ሕክምና ቢቻል በ48 ሰዓት ውስጥ ቢሠራ ይመረጣል፤ አልጋ ላይ የተኛች አረጋዊት በሳንባ ምች፣ በደም መርጋትና በአልጋ ቁስል ትያዛለች። ዳሌያቸው ከተሰበሩ አረጋውያን ከአምስቱ አንዱ ያህል በዓመቱ ውስጥ ይሞታሉ፤ ይህን የምጽፈው ለማስፈራራት ሳይሆን «ነገ እንወስዳታለን» የሚለው ነገ ስንት እንደሚያስከፍል እንድታውቁት ነው።

ምርመራና መድኃኒት

አንጓዋ የተሰበረ ሴት ጄሶዋ ሲፈታ በዚያው ቀጠሮ ሐኪሙን «አጥንቷን ለማጠንከር ምን እናድርግ?» ብላችሁ ጠይቁት። ጥያቄውን እናንተ ካላነሣችሁ በሕመምተኛ ብዛት መካከል ሊያልፍ ይችላል። የአጥንት ጥግግት የሚለካው ዴክሳ በሚባል መሣሪያ ነው፤ ውጤቱ ቲ ስኮር ይባላል። ከዜሮ በታች 1 ድረስ ደኅና፣ ከዜሮ በታች ከ1 እስከ 2.5 የሚያሰጋ፣ ከዜሮ በታች 2.5ና ከዚያ በታች የአጥንት መሳሳት ነው። መሣሪያው በየቦታው አይገኝም፤ ተራ ኤክስሬይ ደግሞ ሲሶ ያህል አጥንት እስኪጠፋ መሳሳትን አያሳይም። ግን ሐኪም ሕክምና ለመጀመር ሁልጊዜ ዴክሳ አይጠብቅም፤ ከቆሙበት ወድቆ የተሰበረ ዳሌ ወይም አከርካሪ ራሱ በቂ ማስረጃ ነው። ቀደም ብሎ የካልሲየም፣ የኩላሊት፣ የታይሮይድና የደም ምርመራ ይደረጋል።

በብዛት የሚታዘዘው አሌንድሮኔት ነው፤ 70 ሚሊግራም በሳምንት አንድ ክኒን። እኔም እወስደዋለሁ። አወሳሰዱ ከተበላሸ ወይ አይሠራም ወይ ጉሮሮ ያቆስላል፤ ስለዚህ በትክክል ያዙት። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ብቻ ይዋጣል። ቡና፣ ሻይ፣ ወተት፣ ካልሲየም ክኒን አብሮ አይሄድም። ከዋጡ በኋላ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ምንም ሳይበሉ መቀመጥ ወይም መቆም እንጂ መተኛት የለም። ቀኑን የማትረሱት ቀን አድርጉት፤ የእኔ ሐሙስ ነው፣ የገበያ ቀን ስለሆነ አይጠፋኝም። ቅዳሴ የምታስቀድሱ እሑድን አትምረጡ። በረመዷን ጾም ሲፈታ በውሃ ውጦ ግማሽ ሰዓት ጠብቆ መብላት ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁት። ቀጥ ብላ መቀመጥ የማትችል፣ የጉሮሮ መጥበብ ያለባት ወይም ኩላሊቷ በጣም የደከመ ሴት ይህን ክኒን አትወስድም።

ለእነርሱ ሌሎች አማራጮች አሉ። ዞሌድሮኒክ አሲድ በዓመት አንድ ጊዜ በደም ሥር ይሰጣል፤ በመጀመሪያው ጊዜ አንድ ሁለት ቀን እንደ ጉንፋን ያለ ስሜት ይኖራል። ይህም ኩላሊቷ በጣም ለደከመ አይሆንም። ዴኖሱማብ በየስድስት ወሩ ከቆዳ ሥር ይወጋል። ይህን የጀመረች ሴት ቀኗን ማሳለፍ የለባትም፤ ሲቋረጥ የተገነባው አጥንት በፍጥነት ይጠፋል፣ አከርካሪም በብዛት ሊሰበር ይችላል። የገንዘብ ወይም የአቅርቦት ችግር ካለ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ ንገሩት።

እነዚህን መድኃኒቶች ከመጀመራችሁ በፊት የሚነቀል ጥርስ ካለ አስነቅሉ፤ እጅግ አልፎ አልፎ የመንጋጋ አጥንት ሊጎዳ ይችላልና። ከአምስት ዓመት የአሌንድሮኔት ወይም ከሦስት ዓመት የዞሌድሮኒክ አሲድ ሕክምና በኋላ ሐኪሙ ስጋቱን መዝኖ ሊያሳርፋችሁ ይችላል፤ ዴኖሱማብ ግን እንዲህ አይቆምም፣ በሌላ መድኃኒት ይተካል። ለዓመታት የወሰደች ሴት ጭኗ ወይም ብሽሽቷ ላይ ያለ ምክንያት አዲስ ሕመም ከተሰማት የሁለቱንም ጭኖች ኤክስሬይ ታነሣ፤ ሐኪሙ እስኪያየው ድረስም በዚያ እግር ዳገት አትውጣ።